"አንድሮሜዳ ትጋጨናለች" ብላ ልጄ እንቅልፍ አጣች፤ እውነቱን አስረዱኝ

እናት ከኮተቤ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ሰማይ ነገር ብዙም አላውቅም። ስለዚህ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ከትናንት ወዲያ ማታ የአጎቷን ስልክ ይዛ ቪዲዮ ስታይ አመሸች። መብራት ድንገት ጠፋ። ወዲያው እየሮጠች መጥታ ነጠላዬ ውስጥ ገባች፣ ልቧ ድው ድው ሲል ይሰማኛል። "እማዬ፣ አንድሮሜዳ የምትባል ሌላ ጋላክሲ እየመጣች ነው፣ ትጋጨናለች" አለችኝ። የፊልም ነገር መስሎኝ "አይዞሽ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም" አልኳትና አስተኛኋት።

መብራት ሲመጣ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘሁት! አንዱ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ይላል፣ ሌላው 5 ይላል፣ ሌላው ደግሞ ጭራሽ ላይጋጩ ይችላሉ ይላል። ልጄን ዋሸኋት ማለት ነው፣ እሱ ከነከነኝ። በማግስቱ ጠዋት ፀጉሯን እየሠራሁላት እውነቱን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ሁሉም የሚጠፋ ከሆነ ለምንድነው የምንማረው?" አለችኝ። እጄ ሹሩባው ላይ ቀረ። መልስ አልነበረኝም።

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። በእርግጥ ትጋጨናለች? ፀሐይና ምድርስ ምን ይሆናሉ? ለመጨረሻው ጥያቄዋም የምትሉት ካላችሁ እሰማለሁ።

መምህር ዘፊዚክስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን በርቺ በይልኝ። ፊዚክስ ሳስተምር 22 ዓመቴ ነው፤ ይህን ጥያቄ ከ9 ዓመት ልጅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድሮሜዳ ወደኛ እየመጣች መሆኑ እውነት ነው። ልጅሽን ያስፈራት ግን "ግጭት" የሚለው ቃል ነው፣ ምክንያቱም ግጭት ሲባል ለሁላችንም የሚታየን መኪናና መኪና ነው። ይህኛው እንደዚያ አይደለም።

ጋላክሲ ማለት እጅግ ብዙ ከዋክብት በስበት አንድ ላይ የተያዙበት ስብስብ ነው። እስቲ ፀሐያችን ያለችበትን ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ እንደ እንጀራ አስቢው። ዳር እስከ ዳር 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይሰፋል፣ ውፍረቱ 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። የብርሃን ዓመት የርቀት መለኪያ ነው፤ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው፣ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። ውፍረቱ ለስፋቱ አንድ መቶኛ ማለት ነው። 60 ሴንቲ የሚሰፋ እንጀራም ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ምሳሌው ልክ ነው። አንድሮሜዳ ከኛ ሰፋ ያለች ሌላ እንጀራ ናት። በመሃላችን 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት አለ። እንጀራዎቹን 15 ሜትር አራርቀሽ ብታስቀምጪ ርቀቱ በልኩ ይመጣል።

አሁን ወደ ከዋክብቱ እንግባ። ልጅሽ ይህንን በደንብ ትስማ። ፀሐይን አንድ ሎሚ አድርገሽ መስቀል አደባባይ አስቀምጪ። ምድራችን ከሎሚው 4 ሜትር ያህል ርቃ የምትዞር፣ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነጥብ ትሆናለች። ከፀሐይ ቀጥሎ በጣም ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ይባላል። በዚህ ልክ አንድ የሽምብራ ፍሬ ያህላል። የት የሚገኝ ይመስልሻል? ቦሌ? አዳማ? ናይሮቢ ነው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ናይሮቢ መሃል ላይ ሌላ ኮከብ የለም፣ ባዶ ነው።

ታዲያ እንዲህ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ የተበተኑ ሎሚዎች፣ እንዲሁ በተበተኑ ሌሎች ሎሚዎች መሃል ቢያልፉ ማን ከማን ይጋጫል? ከዋክብቱ ይተላለፋሉ። የሚለወጠው የጋላክሲዎቹ ቅርጽ ነው፣ የስበት ኃይሉ ይጎትታቸዋል፣ ያጣምማቸዋል፣ ሄደው ይመለሳሉ፣ በመጨረሻም አንድ ትልቅ ድቡልቡል ጋላክሲ ይሆናሉ። ፀሐይ ከነልጆቿ አሁን ካለችበት ሰፈር ወደ ዳር ልትወረወር ትችላለች፣ ግን አትሰበርም።

የሚጋጨው ጋዙ ነው። በከዋክብት መሃል ትልልቅ የጋዝ ደመና አለ፣ እሱ ሲገናኝ ይታመቃል፣ ሲታመቅ አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ። አንቴና የሚባሉ ሁለት ጋላክሲዎች ዛሬ በዚህ ሁኔታ ላይ ናቸው። ሃብል ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ፎቶ ፈልገሽ አሳዪያት። እዚያ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራው ሁሉ አዲስ የተወለደ የኮከብ መንጋ ነው።

አሁን ስለ ፍጥነቱ። በ1912 እ.ኤ.አ. ቬስቶ ስላይፈር የሚባል አሜሪካዊ የአንድሮሜዳን ብርሃን ተንትኖ ወደ ሰማያዊ ጠጋ ብሎ አገኘው። አምቡላንስ ወደኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ካለፈን በኋላ ይወፍራል፤ ብርሃንም እንዲሁ ነው፣ የሚቀርበን ነገር ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የሁለቱ ጋላክሲዎች መቀራረብ በሴኮንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት በየሰዓቱ ከምድር እስከ ጨረቃ ያለውን ርቀት ያህል ትጠጋናለች። አሁን ጽሑፌን አንብበሽ እስክትጨርሺ እንኳ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መጥታለች። ሆኖም ርቀቱ ከአእምሮ በላይ ስለሆነ ገና ቢሊዮን ዓመታት ይቀራሉ።

ተማሪዎቼን ሰሌዳ ላይ አካፍሉ እላቸዋለሁ። ርቀቱን ለፍጥነቱ ሲያካፍሉ 6.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይመጣላቸዋል። "ታዲያ መጽሐፉ ለምን 4 ይላል?" ይሉኛል። ከጣሪያ የወደቀ ድንጋይ መሬት ሲጠጋ ይፈጥናል አይደል? እነሱም ሲቀራረቡ ስበቱ እየበረታ ፍጥነቱ ይጨምራል።

ሦስት ቦታ ሦስት መልስ ያገኘሽበት ምክንያት ሌላ ነው። ወደኛ የሚመጣውን ፍጥነት ከብርሃኑ ቀለም ማወቅ ይቻላል። ወደ ጎን የሚሄደውን ማወቅ ግን እጅግ ከባድ ነው። ሌሊት አዳማ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ ይታይሻል፤ በራስሽ ረድፍ ይምጣ ወይስ በጎንሽ ይለፍ ከሩቅ አታውቂውም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሃብልን የተጠቀሙ ተመራማሪዎች ለዓመታት ለክተው የጎን እንቅስቃሴዋ ትንሽ ነው፣ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በኋላ በቀጥታ እንገናኛለን አሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. ግን ቲል ሳዋላ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የሃብልንና ጋይያ የምትባለውን የአውሮፓ የሕዋ ቴሌስኮፕ መረጃ አንድ ላይ አድርጎ፣ በዙሪያችን ያሉትን ሌሎች ጋላክሲዎች ስበትም ጨምሮ፣ በኮምፒውተር 100,000 ጊዜ አስኬደው። በሚቀጥሉት 10 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የመዋሃዳቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ ሆኖ ወጣ። ከ4 እስከ 5 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት የመላተማቸው ዕድል ደግሞ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለልጅሽ "አላውቅም፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል" ብትያት ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ሳይንቲስቶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ባለሱቅ ከመርካቶ፦

መምህር ይቅርታ፣ ንግግርህን አከብራለሁ፣ ቅር እንዳይልህ። ግን እውነቱን ልናገር። እኔ ለነገ ሱቅ ውስጥ የሚገባው ዘይት በስንት ይመጣል እያልኩ ነው የማድረው። የቤት ኪራይ አለ፣ ሦስት ልጅ አለኝ። 4 ቢሊዮን ዓመት ለሚባል ነገር ሰው ለምን ይጨነቃል? እንደኔ እንደኔ ልጅቷን "ተኚ፣ የኛ ጉዳይ አይደለም" ማለት ይበቃል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦

መምህር እኔም ጥያቄ አለኝ። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው፣ ጋላክሲዎች እየተራራቁ ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ አንድሮሜዳ እንዴት ትቀርበናለች? ሁለቱ ነገር አይቃረንም?

መምህር ዘፊዚክስ፦

ተማሪው፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ድፎ ዳቦ ሲቦካ አይተሃል? ሊጡ ውስጥ ጥቁር አዝሙድ ገብቷል እንበል። ሊጡ ኩፍ ሲል እያንዳንዱ ፍሬ ከሌላው ይርቃል፣ ሩቅ ያሉት ደግሞ በበለጠ ፍጥነት ይራራቃሉ። ዩኒቨርስም እንዲሁ ነው፤ በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀቱ የመራራቁ ፍጥነት በሴኮንድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። አንድሮሜዳ ግን እጅግ ቅርባችን ናት። በመሃላችን ያለው ስበት መስፋፋቱን ካሸነፈ ቆይቷል። እኛ፣ አንድሮሜዳና ሌሎች ብዙ ትናንሽ ጋላክሲዎች አንድ ላይ የተያዝን ቤተሰብ ነን። ከቤተሰቡ ውጪ ያሉት ሁሉ ይርቃሉ።

ይህ ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። መስፋፋቱ እንደአሁኑ ከቀጠለ፣ ከመቶ ቢሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ የሚኖር ተመልካች የራሱን ጋላክሲ ብቻ ነው የሚያየው። ሌሎቹ ብርሃናቸው የማይደርስበት ርቀት ሄደዋል። ቴሌስኮፕ ቢሠራ ባዶ ጨለማ ነው። ዩኒቨርስ መጀመሪያ እንዳለው፣ እንደሚሰፋ፣ ሌላ ጋላክሲ እንዳለ የሚያሳየው ምልክት ከዓይኑ ጠፍቷል። እኛ የተወለድነው ምልክቱ ሁሉ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ በሚታይበት ዘመን ነው።

እህቴ፣ አንድ የረሳሁትን ልጨምር። ልጅሽ ማወቅ ያለባት፣ መዋሃዱ አሁንም እየተካሄደ ነው። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጋላክሲያችን ሌላ ጋላክሲ ውጧል። ጋይያ በለካችው የከዋክብት እንቅስቃሴ በ2018 እ.ኤ.አ. ነው ይህ የታወቀው። የዚያ ጋላክሲ ከዋክብት ዛሬም በመሃላችን ይዞራሉ፣ አካሄዳቸው የተለየ ስለሆነ መጤ መሆናቸው ይታወቃል። ሳጂታሪየስ የሚባል ትንሽ ጋላክሲም ልክ አሁን፣ እኛ ይህን ስንጽፍ፣ እየተቀደደ ወደኛ እየገባ ነው። ማንም ከእንቅልፉ አልነቃም።

ፀሐይን በተመለከተ ግን ልደብቅሽ አልችልም። ፀሐይ በየቢሊዮን ዓመቱ ብርሃኗ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ የምድር ውቅያኖሶች አይተርፉም። ከ5 ቢሊዮን ዓመት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ራሷ አብጣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች። ስለዚህ አንድሮሜዳ ብትደርስም ምድር ላይ ሆኖ የሚጠብቃት የለም። ቢሊዮን ዓመት ስንት ነው ብትልሽ እንዲህ በያት። በኦሞ ወንዝ አጠገብ፣ ኪቢሽ ላይ፣ ቢያንስ 230,000 ዓመት ያስቆጠረ እንደኛው ዓይነት የሰው አጽም ተገኝቷል። ያ ሁሉ የሰው ዘመን ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ ቢደጋገም ነው አንድ ቢሊዮን የሚሞላው።

ሾፌር ከሪያድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሪያድ ከመጣሁ 7 ዓመቴ ነው፣ የቤት ሾፌር ነኝ። ህዳርና ታህሳስ ላይ ብርዱ ሲገባ አሠሪዎቼ በረሃ ይወጣሉ፣ ድንኳን ይተከላል፣ እሳት ይነዳል። እኔ ራት ካቀረብኩ በኋላ መኪናው ኋላ ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ። በረሃ ሰማዩ ሌላ ነው፣ ከመንዝ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ሰማይ ያየሁት እዚያ ነው።

አንድ ማታ የአሠሪዬ አባት፣ ሽማግሌው፣ ባይናኩላር ሰጡኝና ወደ ላይ አሳዩኝ። ጭጋግ የመሰለች፣ ረዘም ያለች ትንሽ ነጭ ነገር ታየችኝ። "ደመና ነው?" አልኳቸው። ሳቁ። የዛሬ 1,000 ዓመትም አልሱፊ የሚባል ኮከብ አዋቂ ትንሽ ደመና ብሎ ጽፏታል አሉኝ። ኋላ ሳጣራ እውነታቸውን ነው፣ በ964 እ.ኤ.አ. ኢስፋሃን ላይ ሆኖ በዓረብኛ የጻፈው ነው። አንድሮሜዳ ናት። ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ከሚታዩት ነገሮች በጣም ሩቋ እሷ ናት ማለት ይቻላል።

እህቴ፣ ልጅሽ የፈራችው ስላላየቻት ይመስለኛል። አሳዪያት። አሁን ወሩ ራሱ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ዙሩ። እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ያሉ አምስት ደማቅ ከዋክብት ታያላችሁ፣ ካሲዮፒያ ይባላሉ። ወደ ላይ ከቆሙት ሁለት ጫፎች ሾጠጥ ያለውን ያዙ፤ ወደ ላይ ያመለክታችኋል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ተኩል ጡጫ ያህል ወደዚያው ከፍ በሉ። እዚያ ናት። ዓይንን ትንሽ ጎን አድርጎ ሲያዩት ይበልጥ ትታያለች፣ ፊት ለፊት ስታፈጡባት ትደበዝዛለች።

ስሟስ የማን ይመስላችኋል? በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። አባቷ ሴፌየስ፣ እናቷ ካሲዮፒያ። እናት በውበት ታብያ የባሕር አማልክቱን አስቆጣች፣ ልጅቱ ለባሕር አውሬ ድንጋይ ላይ ታሰረች፣ ፐርሲየስ መጥቶ አዳናት። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ያኔ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ የሚያካትት ነው፤ የዛሬውን ድንበር ማለታቸው አይደለም። ቢሆንም ሰማይ ላይ ያ ቤተሰብ እስካሁን አንድ ላይ አለ፣ አባት እናትና ልጅ ጎን ለጎን።

መምህር ዘፊዚክስ፦

ወንድሜ ሾፌሩ፣ ይህችን ተረት ሳላስቀጥልህ አላልፍም፣ ምክንያቱም የልጅቱ "ለምን እንማራለን" መልስ እኔ ዘንድ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብት አሉ፣ ሴፌይድ ይባላሉ። ስማቸው ከአባትየው፣ ከሴፌየስ የመጣ ነው፣ ምክንያቱም የስሙ ምንጭ የሆነው ኮከብ ያለው በእሱ ክልል ውስጥ ነው። ሄንሪዬታ ሌቪት የምትባል ሴት ሃርቫርድ ውስጥ የፎቶ መስታወቶች እያገላበጠች ከዋክብት ትቆጥር ነበር። መስማት እየተሳናት ነበር፣ ደመወዟም ትንሽ ነበር፣ ቴሌስኮፕ ላይ እንድትቀመጥ አልተፈቀደላትም። ግን በ1912 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጣች። ሴፌይድ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ለማለት ብዙ ቀን ከወሰደበት፣ በእውነቱ በጣም ደማቅ ኮከብ ነው ማለት ነው። እውነተኛ ድምቀቱን ካወቅሽ፣ ከዚህ ሲታይ ምን ያህል እንደደበዘዘ አይተሽ ርቀቱን ታወጪያለሽ። ሩቅ ያለ ፋኖስና ቅርብ ያለ ሻማ እንደመለየት ነው።

ሌቪት በ1921 እ.ኤ.አ. አረፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1923 እ.ኤ.አ.፣ ቴሌስኮፑ በስሙ የተሰየመለት ኤድዊን ሃብል፣ ማውንት ዊልሰን በሚባለው የአሜሪካ የከዋክብት መመልከቻ ሆኖ፣ አንድሮሜዳ ውስጥ አንድ ሴፌይድ አገኘ። በእሷ ሕግ አሰላው። አንድሮሜዳ ከጋላክሲያችን እጅግ ርቃ ወጣች። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ዩኒቨርስ ማለት ፍኖተ ሐሊብ ብቻ ይመስለው ነበር። በአንድ ኮከብ ያ ተለወጠ። የልጅቱ ርቀት የታወቀው በአባቷ ስም በሚጠራ ኮከብ ነው።

ሌቪት ያን አላየችም። ሥራዋ ግን አለ፣ ዛሬም እኔ ለ12ኛ ክፍል አስተምረዋለሁ።

አፋር የሠራሁ፦

ባለሱቁ ወንድሜ፣ የምትለው ይገባኛል። እኔም ኪራይ ከፋይ ነኝ። ግን ልጅቷ "የኛ ጉዳይ አይደለም" ቢሏት አትተኛም፣ ምክንያቱም ጉዳዩ የኛ መሆኑን አውቃለች። በምን እንደሆነ ልንገርህ።

የተማርኩት ጂኦሎጂ ነው። ከዓመታት በፊት ለመስክ ሥራ አፋር ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ የግራር ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ የቡድን መሪያችን ከደረቅ ወንዝ ውስጥ ሁለት ድንጋይ አነሳ። አንዱን በሌላው ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ መታው። ሁለተኛ መታው። ሦስተኛው ላይ ስስ ስንጥር ወጣች። በእጄ ስይዛት ጠርዟ ጣቴን ቀደደው፣ ምላጭ ነው። "ጎና ላይ የተገኘው ልክ እንዲህ ያለ ነው" አለን። ጎና እዚያው አፋር ውስጥ ነው። ዶ/ር ስለሺ ሰማው ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት የድንጋይ መሣሪያ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው።

አሁን መምህር ያሉትን ቁጥር አስታውስ። አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ዛሬ ማታ ሾፌሩ ባይናኩላር ውስጥ የገባው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ድንቅነሽ ያኔ ከሞተች 700,000 ዓመት ሆኗታል። ጎና ወንዝ ዳር ድንጋይ የሚፈለጥበት ዘመን ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ እያለ ነው እሳት የተያዘው፣ ቋንቋ የመጣው፣ ጤፍ የተዘራው፣ አክሱም የተሠራው፣ መስታወት ሞርደን ቴሌስኮፕ የሠራነው። ያ ብርሃን ሲደርስ የሚጠብቀው፣ ከየት እንደተነሳና ስንት ዓመት እንደተጓዘ የሚያውቅ ዓይን ተሠርቷል። ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ነጥብ ላይ ነው ይህ የሆነው።

እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ነው ሰማይ ሳይ በማነሴ መጨነቅ የተውኩት። ልጅቷም በዚህ በኩል ብትመጣበት ደስ ይለኛል።

ባለሱቅ ከመርካቶ፦

ወንድሜ፣ ድንጋዩን በደንብ አስረዳኸኝ። ትልቁ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ይህን አነብለታለሁ። መምህር፣ የእንጀራውንና የሎሚውንም ለልጆቹ በዚያው ልክ ማሳየት ይቻላል?

መምህር ዘፊዚክስ፦

ሁለቱን አንድ ላይ እንዳታደርጋቸው ብቻ ወንድሜ፣ ልካቸው የተለያየ ነው። እንጀራው የጋላክሲዎች ነው፣ ሎሚው የከዋክብት። ሎሚውን በር ላይ አስቀምጥና አራት ትልልቅ እርምጃ ራቅ፣ እዚያ አንዲት ጤፍ ከግማሽ በታች አድርገህ ሰባብረህ ጣል። እኛ እሷ ላይ ነን። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ይፈልጓት።

እናት ከኮተቤ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ በአንድ አነበብኩላት፣ ስለ ሎሚው ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

አንድሮሜዳን ማክሰኞ ማታ ልናያት ሰገነት ላይ ወጥተን ነበር፣ የሰፈሩ መብራት አላስቻለንም። መጋዙን አገኘነው፣ ከዚያ በላይ ምንም አልታየንም። ልጄ ከፍቷት ወረደች። ትናንት ማታ ግን ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል መብራት ጠፋ። እንደዚያን ቀን እየሮጠች መጣች፣ አሁን ግን እጄን ይዛ ወደ ደረጃው ጎተተችኝ። ብርዱ ከባድ ነበር፣ ጋቢ ደርበን ቆምን። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ዝም አልን። የጎረቤት ውሻ ይጮሃል። ሾፌሩ እንዳለው ሾጠጥ ያለውን ጫፍ ይዘን አንድ ተኩል ጡጫ ወጣን፤ በእሷ ትንሽ ጡጫ ሳይሆን በእኔ። መጀመሪያ ያየቻት እሷ ናት። "እማዬ ጎን ጎን እያየሽ፣ እንዳታፈጪባት" አለችኝ። እኔም አየኋት። እንደ ትንፋሽ የሳሳች ነገር ናት። እዚያ ውስጥ ስንት ፀሐይ እንዳለ ሳስብ ጉልበቴ ተያዘ።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ቀስ ብላ "ይሄ ብርሃን ሲነሳ የድንጋዩ ሰውዬ ነበረ አይደል?" አለችኝ። ነበረ አልኳት። "እሱም አይቷት ይሆናል ግን ስሟን አያውቅም" አለች።

ከመተኛቷ በፊት ደግሞ አዲስ ጥያቄ አመጣች፣ መምህር ለእርስዎ ነው። እዚያ አንድሮሜዳ ውስጥ የሆነ ሰው ቢኖርና ትልቅ ቴሌስኮፕ ይዞ ዛሬ ማታ ወደኛ ቢያይ ማንን ያያል? እኛን ነው የድንጋዩን ሰውዬ? አጎቷን ደግሞ ስልክህን አልፈልግም፣ ባይናኩላር አምጣልኝ ብላዋለች።

መምህር ዘፊዚክስ፦

የድንጋዩን ሰውዬ ነው የሚያየው። የእናንተ የትናንት ማታ ብርሃን ከሰገነቱ ተነስቶ ገና አንድ ቀን ነው የተጓዘው። ባይናኩላሩ ላይ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሚል የተጻፈበትን ያምጣላት፣ ከዚያ የሚበልጥ አጉሊ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል።